ዶሮዎቻችሁ የሚያስነጥሱ ከሆነ

አስመራ የገባሁት ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወላጆቼ ኤርትራውያን ይሁኑ እንጂ እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ትግርኛዬ የቤት ውስጥ ትግርኛ ነበር፤ ለመመረቅና ለመቆጣት ይበቃል፣ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አይበቃም። ይህንን ያወቅሁት በአንድ የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ፊደሉ ያው ፊደል ነውና ጣቶቼ አላፈሩም። ያስቸገረችኝ ከጉሮሮ የምትወጣው «ቐ» ብቻ ናት። የነበረን ታይፕ ለአማርኛ የተሠራ ስለሆነ እሷን አያውቃትም። «ቀ»ን እመታና የጎደለውን ጭረት በእስክሪብቶ እጨምርላታለሁ። የረሳሁ ዕለት፣ የወጣው ደብዳቤ ሁሉ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው የጻፈው ይመስላል።

አለቃዬ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ያላገቡ፣ ብዙ ዘመን ውጭ አገር ኖረው የተመለሱ ሰው። የተማሩት ስለ ዶሮ በሽታ ነው። የተመለሱበት አገር ግን የበሬ፣ የግመልና የፍየል አገር ሆነባቸው። ባለጉዳዩ ሁሉ ስለ በሬው ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም በትዕግሥት ያክማሉ፤ ልባቸው ግን ዶሮ ጋ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ጥሩ ነበር። ዓይኔን ሳፈጥ ባዩ ቁጥር፣ «ትግርኛው አለቀብሽ?» ይሉና በአማርኛ ይደግሙልኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንግግር ግማሹ በትግርኛ፣ ሩቡ በአማርኛ፣ የቀረው በጣልያንኛ የተነገረ ነው፤ እኔ ሁሉንም ወደ አማርኛ አምጥቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእንቁላል ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ። ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ግቢው ሰፋ ያለ ቤት ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ካቶሊክ፣ ጸጉራቸው ሁልጊዜ የተሠራ ሴት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ሲኞራ ነው የሚላቸው። ከቦርሳቸው መሐረብ አወጡ፤ መሐረቡን በጥንቃቄ ፈቱት፤ በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይም አንድ ነገር አስቀመጡ።

«ዶቶረ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነው።»

«እንቁላል መሆኑንማ ዶሮዋም ታውቃለች! መልኩን እይልኝ እንጂ!»

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አዩት። እኔም ከታይፑ ኋላ አንገቴን አሰገግሁ። እንቁላሉ ተጨማዷል። የደረቀ ድንች ነው የሚመስለው፤ ባንድ ጎኑ ደግሞ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ እጥፋት አለው። ዶክተሩ ሰሐን አስመጡና ሰበሩት። ነጩ እንደ ውኃ ሰሐኑን ሞልቶ ፈሰሰ፤ አስኳሉ መሐሉ ላይ ብቻውን ተንሳፈፈ።

«ዶሮዎቹ ያስነጥሳሉ?» አሉ ዶክተሩ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ያስነጥሳሉ።»

«ማታ ማታ ሲተነፍሱ ያንኮራፋሉ?»

«እንደ ሟቹ ባሌ!»

ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ስድስት ወር አብሬያቸው ስሠራ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ኮፍያቸውን አደረጉ፤ እኔንም «ደብተርሽን ያዢ» አሉኝ። ሲኞራን በእግራችን ተከትለን ሄድን።

የሲኞራ ዶሮዎች አርባ ይሆናሉ። በግቢው ውስጥ እንደ ባለርስት ይንጎራደዳሉ። ትንሽ ዝም ብለን ስንቆም አንዷ «ጥሽ» አለች። ሌላዋ መለሰችላት። ቀጥሎ ሁሉም በየተራ። ሳቄን ለመያዝ ስል ደብተሬ ላይ «ጥሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዶክተሩ ኋላ አይተው «ትክክል ነው» አሉኝ።

«ባለፈው ወር ክትባት የሰጠናቸው እነዚህ አይደሉም?» አሉ።

ሲኞራ ቦርሳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ግማሾቹን ነው የከተባችኋቸው።»

«ግማሾቹን? የቀሩትስ?»

«ሳሎን ነበሩ። ምን ላድርግ፣ ያንተ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ሁለት እያለ ሲቆጥርብኝ ጊዜ ዓይን እንዳይገባባቸው ብዬ ቆለፍኩባቸው።»

በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሳል ተሰማ። ዞር ስንል በአጥሩ ላይ ሁለት ራስ ብቅ ብሏል። አንዱ የጎረቤታቸው ነው። ድሮ የባቡር ነጂ ስለነበሩ፣ ሐዲዱ በጦርነቱ ተነቅሎ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ማኪኒስታ ይላቸዋል። ሁለተኛው ራስ የአውራ ዶሯቸው ነው። ያሳለው አውራ ዶሮው ነበር።

«ይኸው!» አሉ ሲኞራ ጣታቸውን ቀስረው፤ «ይኼ ነው! ይኼ ባለጌ በየቀኑ አጥር እየዘለለ ይመጣል። ዶሮዎቼን ያበላሸብኝ እሱ ነው!»

«ዶሮዬ ጨዋ ነው» አሉ ማኪኒስታ።

«ጨዋ የሆነ አጥር አይዘልም!»

ዶክተሩ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱን አበረዱ፤ ከዚያም ሊያስረዱ ሞከሩ። በሽታው የዶሮ ጉሮሮና ሳምባ የሚይዝ፣ የእንቁላል ማውጫቸውንም የሚያበላሽ ቫይረስ ነው። በትልቅ ማጉያ ሲያዩት ዙሪያውን ዘውድ የደፋ ስለሚመስል ኮሮና ይሉታል።

የሲኞራ ፊት ተለዋወጠ። ጣልያን ባስተማራቸው ካቶሊኮች ዘንድ ኮሮና ማለት መቁጠሪያ ነው። ካንገታቸው መቁጠሪያቸውን ሳብ አድርገው አወጡና ዶክተሩን አዩዋቸው።

«የኔ ኮሮና ምን አደረገ? በየቀኑ ነው የምጸልይባት!»

«አይደለም፣ ሲኞራ፤ የእርስዎ አይደለም።»

«ዶሮዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለደገምኩ ነው?»

ይህንን ለማስተባበል ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ስም በዓለም ሁሉ አፍ ሲገባና ሰው ሁሉ ቤቱን ሲዘጋ፣ እኔ በጭንቀቱ መሐል የሲኞራ መቁጠሪያ ትዝ እያለኝ ለብቻዬ ስስቅ ቤተሰቦቼ ሙቀቴን ለክተውኛል።

ዶክተሩ ቀጠሉ። ጥርጣሬያቸው ይህ ነበር፦ ለክትባት የሰጡት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ፣ ምናልባት በአውራ ዶሮው ጉሮሮ፣ ሌላ ዓይነት ኮሮና ይዞራል። ግማሾቹ ተከትበው ግማሾቹ ሳይከተቡ ስለቀሩ የክትባቱ ቫይረስ ካልተከተቡት ወደ አንዷ ተሻግሮ ይሆናል። ያኔ ሁለቱ በአንዲት ዶሮ፣ ብሎም በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ፣ ከሁለቱም የተዳቀለ ሦስተኛ ቫይረስ ሊወለድ ይችላል።

«አላልኩም?» አሉ ሲኞራ ወደ አጥሩ፤ «ተዳቅለዋል አለ!»

«የተዳቀሉት ቫይረሶቹ ናቸው እንጂ ዶሮዎቹ አይደሉም!»

«በማን ፈቃድ?»

ዶክተሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። በመንገድ ላይ ስንመለስ፣ «አልገባቸውም» አሉኝ። እኔም እንዳልገባኝ አልነገርኳቸውም።

ነገሩን ለማረጋገጥ ናሙና ያስፈልጋል። ዶክተሩ ውጭ አገር በአንድ ላቦራቶሪ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ አላቸው፤ ናሙናውን በበረዶ አሽገው ሊልኩለት አሰቡ። ከሲኞራ ግቢ ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ ሁሉ ለመሰብሰብ ስለፈለጉ ማስታወቂያ እንድመታ ረቂቁን ሰጡኝ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ለዶሮ አርቢዎች በሙሉ። ዶሮዎቻችሁ የሚያስነጥሱ፣ የሚያንኮራፉ ወይም የተጨማደደ እንቁላል የሚጥሉ ከሆነ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው የምርመራ ቦታ የታመመችውን ዶሮ በቅርጫት ይዛችሁ እንድትቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። በዚያው ጠዋት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላም ረቂቅ ነበረኝ። የምኖረው ማይ ተመናይ በሚባለው ሰፈር፣ የእናቴ እኅት ማለትም ሓትኖዬ ቤት ነው፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ ያልተጋባ ሰው አልነበረም። ከትግሉ ሜዳ የተመለሰው፣ ከስደት የመጣው፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚያገባ ማተሚያ ቤቱ ወረፋው አይጣል ነው። ሓትኖዬም፣ «አንቺ ታይፕ ላይ ውለሽ የምታድሪ፣ ለእኅትሽ መጥሪያ መምታት ያቅትሻል?» አሉኝ። ስለዚህ የሠርጉን መጥሪያ ከማስታወቂያው ጎን ደብቄ አስቀመጥኩ። እሱ ደግሞ፣ «…በመኖሪያ ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ከነቤተሰባችሁ ተገኝታችሁ ሙሽሮቹን እንድትመርቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል።

ስቴንስሉን፣ ማለትም የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ ታይፑ ላይ አጠመድኩና ማስታወቂያውን ጀመርኩ። «በመሥሪያ ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው» እስከሚለው ስደርስ በሩ ተከፈተ፤ ሲኞራ ናቸው። ከዚያ ሰኞ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ አንድ የተጨማደደ እንቁላል እያመጡ መስኮቱ ላይ ይደረድሩልናል። የዚያን ቀኑ ደግሞ ዱባ ነበር የሚመስለው። አደነቅሁላቸው፤ ስለ አውራ ዶሮው ሰማሁላቸው፤ ሸኘኋቸው። ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ «ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው» የሚለውን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ ቀጠልኩ። አልቆምኩም፤ አልተጠራጠርኩም። ስጨርስ ስቴንስሉን ወደ ማባዣ ማሽኑ ወሰድኩት። የቢሮው ተላላኪ፣ መነጽራቸው የተሰበረ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን በሙሉ ተሸክመው ገዛ ባንዳን፣ ቪላጆ ጀኒዮን፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አዳረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሩ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የናሙና ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ግቢው ውስጥ ቆሙ። «አንድ አሥር ሰው ከመጣ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

ከሦስት ሰዓት በፊት ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ዙርያ የሚባለውን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጸላ አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፤ ወንዶቹ በሱፍና በከረባት። አንድ ቤተሰብ ከበሮ ይዟል። ዶሮም አምጥተዋል፤ ግን እግሯ በቀይ ሪባን የታሰረ፣ ላባዋ የሚያብረቀርቅ፣ ጤነኛ ዶሮ! ዶክተሩ አንዷን አንስተው ጉሮሮዋን አዳመጡ። ሌላዋን። ሦስተኛዋን።

«ምንም የላቸውም!» አሉኝ ግራ ገብቷቸው፤ «የታመሙት የት አሉ?»

አንድ ባለከረባት ሽማግሌ ቀረቡና የዶክተሩን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዶክተር!»

«ኧረ ገና ነው፤ ናሙናው መች ተወሰደና።»

ሽማግሌው የዶክተሩን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «በዚህ ዕድሜ መጀመርም ጀግንነት ነው።»

«ለዚህ ዕድሜ የለውም» አሉ ዶክተሩ፤ «ከተማሪነቴ ጀምሮ ስፈልጋት የኖርኩት ናት።»

«የት ተገኘች?»

«ሲኞራ ግቢ።»

ይህች ቃል ግቢውን በአንድ አፍታ ዞረች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ሲኞራ? መበለቲቱ?» «በዐሥር ዓመት ትበልጠው የለም?» «ምን አለበት፣ ቤት አላት!» በዚህ መሐል ሲኞራ፣ እውነተኛዋን በሽተኛ ዶሮ በቅርጫት አቅፈው፣ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ከበሮው ተመታ። እልልታው ቀለጠ። አንዲት ሴት እየዘለሉ አቀፏቸው፤ ዶሮዋ በመሐል ተጣብቃ «ጥሽ» አለች።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ ሲኞራ።

«ሙሽሪት! ሙሽሪት!»

«ማን? ከማን ጋር?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዶክተሩ አመለከተ። ሲኞራ ዶክተሩን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ማኪኒስታ አውራ ዶሯቸውን በብብታቸው እንደያዙ ከኋላ ቆመዋል፤ ፊታቸው ደም መስሏል። ለምን እንደቀላ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ዶክተሩ፣ «ማነው ሙሽራ ያላችሁ?» ሲሉ ባለከረባቱ ሽማግሌ ከኪሳቸው ወረቀቱን አውጥተው ሰጧቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ዶሮዎቻችሁ የሚያስነጥሱ፣ የሚያንኮራፉ ወይም የተጨማደደ እንቁላል የሚጥሉ ከሆነ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ከነቤተሰባችሁ ተገኝታችሁ ሙሽሮቹን እንድትመርቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

እኔ የግቢውን ግንብ እያየሁ ለመዝለል ይመች እንደሆን እገምት ነበር።

«እኛማ» አሉ ሽማግሌው፤ «ዶሮ ለታመመበት ሰው ማጽናኛ መስሎን ነው። የኔ ዶሮ እንኳ አታስነጥስም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዶክተሩ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። «ሌላኛው ወረቀት የት አለ?»

ሄጄ ከመሳቢያዬ የሓትኖዬን መጥሪያ አመጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው አስተያዩ፤ ጣታቸው «ቤታችን ግቢ በተዘጋጀው» የሚለው ላይ ቆመ። እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። በመጨረሻ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ የናሙናው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር አቁመው ወጡበት።

«ስሙኝ» አሉ። «ያለፈው ሳምንት ሲኞራን ላስረዳ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ይቺ ልጅ ሳታውቀው ሠርታልናለች። ነይ እዚህ ቁሚ።»

ቆምኩ። የት እገባለሁ?

«ቫይረስ ማለት» አሉ፤ «በሽፋን የተጠቀለለ ጽሑፍ ነው። የዶሮዋ ጉሮሮ ውስጥ አንዷ ሕዋስ ዘንድ ይገባና ጽሑፉን የምታባዛለት ታይፒስት እዚያው ያሠራል። ያቺ ታይፒስት ኢንዛይም ትባላለች። የኮሮና ጽሑፍ ደግሞ በጣም ረጅም ነው፤ ወደ ሠላሳ ሺህ የሚጠጋ ፊደል። እሷም መገልበጥ የምትጀምረው ከጭራው ነው።»

«ከመጨረሻው?» አሉ ሽማግሌው።

«ከመጨረሻው።»

«ታዲያ መሳሳቷ ምን ይገርማል!»

«ገና ነው። ጠባይም አላት። አንድ ወረቀት ብቻ ባለበት ደህና ቀን እንኳ፣ ስትገለብጥ መንገድ ላይ ቆም ትልና መሐሉን ዘላ ራስጌ ካለው አርእስት ላይ ታርፋለች። አጫጭር ትእዛዞችን የምታዘጋጀው እንዲያ ነው። መዝለል ሥራዋ ነው። ስትዘል ደግሞ የጀመረችውን ቅጂ አትጥለውም፤ ይዛው ነው የምትዘለው። አሁን እዚያች ሕዋስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮሮና ቢገናኙስ? አንዱ የክትባቱ፣ አንዱ የመንደሩ? ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ብዙ ቦታ ላይ ቃላቸው አንድ ነው። ታይፒስቷ ቆም አለች፤ እንበልና ሲኞራ እንቁላል ይዘው ገቡ…»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ ሲኞራ።

«ምንም። ስትመለስ ቃሉ የሚመሳሰልበትን ቦታ ታገኛለች፤ ግን ሌላኛው ወረቀት ላይ! ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ከዚያኛው ትገለብጣለች። ቅጂው ፊቱ የአንዱ፣ ጀርባው የሌላው ይሆናል።»

ማኪኒስታ ከኋላ አውራ ዶሯቸውን ይዘው ወደ ፊት ገፉ። ፊታቸው በርቷል። «ስካምቢዮ!» አሉ። «ባቡሩ ስካምቢዮው ላይ ሐዲድ ቀየረ በሉና! ጊንዳዕ ይሄዳል የተባለው ከረን ገባ!»

«በትክክል!» አሉ ዶክተሩ። «ፉርጎዎቹ እነዚያው፣ መንገዱ ሌላ።»

አንድ መነጽር ያደረጉ አስተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ይደባለቃል ይባል የለም?»

«የሱ ሌላ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ጽሑፉ በተለያዩ ገጾች ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሙሉ ሙሉ ገጽ ይለዋወጣሉ። ኮሮና ግን አንድ ረጅም ጥቅል ስለሆነ መሐል መስመር ላይ ነው የሚቀየረው።»

«ታዲያ» አሉ ሽማግሌው፤ «እንዲህ እየተደባለቀ ዓለም እንዴት አልጠፋም?»

«ብዙው ድብልቅ ትርጉም የለውም፤ ወዲያው ይሞታል። ይቺ ልጅ አንድ ቃል ቀድማ ወይም አንድ ቃል ዘግይታ ብትዘል ኖሮ ማስታወቂያው ቅዠት ይሆን ነበር፤ አንዳችሁም አትመጡም ነበር። አልፎ አልፎ ግን ሰዋስው ይገጥምለታል። ሲገጥምለት፣» እጃቸውን ወደ ግቢው ዘረጉ፤ «ይኸው ከበሮ ይዞ ይመጣል።»

ሰዉ ሳቀ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ መሥሪያ ቤቱን እስክለቅ ድረስ ስሜ ጠፍቶ «ኢንዛይም» ሆኜ ቀረሁ። ባለጉዳይ ሳይቀር «ኢንዛይም አለች?» ብሎ ይገባ ነበር።

ዶክተሩ የሲኞራን ዶሮና አውራ ዶሮውን አስይዘው በጥጥ ከጉሮሯቸው ናሙና ወሰዱ። አውራ ዶሮው ጨዋ እንዳልነበረ ጣታቸው ላይ ባደረሰው ቁስል አስመሰከረ። ሥራው አለቀ፤ ሰዉ ግን አልሄደም። ቆሟል። ሕፃናቱ የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይጎትታሉ።

«ምን ይጠብቃሉ?» አሉኝ ዶክተሩ በጆሮዬ።

«ምሳ።»

«ምን ምሳ?»

«ማስታወቂያው ላይ አለ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን እንደገና አዩት። የመንግሥት ማኅተም አለበት። ከሥሩ ሳያነቡ ያኖሩት የራሳቸው ፊርማ።

መፍትሔውን ያመጡት ከበሮ የያዙት ሴት ናቸው። በቀይ ሪባን የታሰሩት ጤነኛ ዶሮዎች ለሙሽሮች የመጡ ስጦታዎች ናቸው፤ ሙሽራ ከሌለ ለማን ይቀራሉ? ሴቶቹ ነጸላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ድስት ከጎረቤት መጣ፤ ሽንኩርት ከየቤቱ መጣ። ዶክተሩ እያንዳንዷን ዶሮ ሳትታረድ በፊት መርምረው «ጤነኛ» እያሉ ፈረሙላት። የዶሮ ሐኪም ግቢ ውስጥ እንዲያ ያለ የዶሮ ወጥ ተበልቶ አያውቅም። ሲኞራ ብቻ አልቀመሱም፤ ቅርጫታቸውን በነጸላ ሸፍነው፣ «እንዳታይ ብዬ ነው» እያሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳቦ በሉ። ማኪኒስታ ከጎናቸው ተቀምጠው ዳቦ ብቻ በሉ፤ ለምን ወጡን እንደማይበሉ ሲጠየቁ፣ «አውራ ዶሮዬ አጠገቤ ነዋ» አሉ።

ማታ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ማይ ተመናይ ገብቷል። ሓትኖዬ በር ላይ ነው የጠበቁኝ።

«የልጄን ምሳ ለዶሮ ባለቤት ሁሉ አበላሽው አሉ!»

«ሓትኖዬ፣ የእኛ አይደለም የተበላው። የተገለበጠው ቃሉ ብቻ ነው።»

«የኛውስ መጥሪያ? በሽተኛሽን በቅርጫት ይዘሽ ነይ ይላል?»

አይልም ነበር። ዶክተሩ እንዳስረዱኝ እንዲህ ያለው መዝለል የንግድ ልውውጥ አይደለም፤ አንደኛው ቅጂ ስለተደባለቀ ዋናዎቹ ወረቀቶች አይነኩም። ይህን ለሓትኖዬ ሳስረዳ ግማሽ መንገድ ላይ ትተውኝ ገቡ፤ መጥሪያውንም ለአንድ ጽሑፉ ለሚያምር ዲያቆን ሰጡት። ሠርጉ ያለ እንከን አለፈ።

የላቦራቶሪው መልስ የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ዶክተሩ ደብዳቤውን ከፍተው ቆመው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ፤ ወጥተው ለዘበኛው አነበቡለት። ዘበኛው «ሓቂ?» አላቸው፤ እውነት? ማለቱ ነው። ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉና ወደ ገዛ ባንዳ ወጣን። እንዲህ ፈጥነው ሲራመዱ አይቼ አላውቅም፤ ሮጥ ሮጥ እያልኩ ነው የደረስኩባቸው።

ሲኞራ ግቢያቸው ውስጥ ለዶሮዎቹ ውኃ ይቀይራሉ። አብዛኞቹ ዳኑ፤ ጥቂቶቹ ግን ማስነጠሱን ቢተዉም እንደ ድሮው ደህና እንቁላል መጣል አልቻሉም። ሲኞራ አላረዷቸውም። «ጡረታ ወጥተዋል» ነው የሚሉት።

«ሲኞራ!» አሉ ዶክተሩ ደብዳቤውን እያውለበለቡ። «ዘውዱን የሚሠራው የጽሑፉ ክፍል፣ ፊተኛው ግማሹ የክትባቱን ይመስላል፤ ከመሐል ጀምሮ ያለው የሌላኛው ነው። መዝለሏን አገኟት! ቦታዋ ሳይቀር ታውቋል!»

ከአጥሩ ላይ የማኪኒስታ ራስ ብቅ አለ። «አውራ ዶሮዬ ነጻ ወጣ?»

«ሌላኛው ከእሱ ጉሮሮ ከወሰድነው ጋር አንድ ነው።»

«አላልኩም!» አሉ ሲኞራ።

«ሌላው ግማሽ ግን የክትባቱ ነው፤ ግማሾቹን ሳሎን ባይቆልፉባቸው ኖሮ…»

ሲኞራ የውኃ መቅጃውን መሬት አስቀመጡ። «ባጭሩ ንገረኝ፣ ዶቶረ። ጥፋቱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የሁለታችሁም ነው። የሚቀጥለው ክትባት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን ይከተባሉ፤ የእርሳቸው አውራ ዶሮም ጭምር። አጥሩም ከፍ ይላል። አዲስ ጫጩት ስታስገቡ ለብቻው ታቆያላችሁ። መድኃኒቱ ይኸው ነው።»

«አጥሩን ማን ከፍ ያደርገዋል?» አሉ ሲኞራ።

«እኔ አደርገዋለሁ» አሉ ማኪኒስታ፤ «ግን በር እተውለታለሁ።»

«ለምን በር?»

«ሰው አይገባም እንዴ?»

«ከነዶሮህ ከሆነ አትገባም!»

«ለብቻዬስ?»

ሲኞራ ጸጉራቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ዶክተሩ ይህንን ሁሉ አልሰሙም። ጎንበስ ብለው ከጡረተኞቹ ዶሮዎች ላንዲቷ ደብዳቤውን ያነቡላት ነበር፤ እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣቸዋለች።